ከተቀባው ግድግዳ ጀርባ

ጋሽ ቡሩሽ በከተማው ዋና መንገድ ላይ ሲሄድ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ቀኝ ጠጋ ይልና የመድኃኒት ቤቱን ግድግዳ በመዳፉ ዳበስ ያደርጋል፤ ወደ ግራ ይሻገርና የልብስ ሰፊውን በር ማዕዘን ዓይኑን አጥብቦ ያያል። የማያውቀው ሰው አንድ ነገር የጠፋበት ይመስለዋል። ምንም የጠፋበት ነገር የለም፤ ሥራውን እየጎበኘ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ አብዛኛውን የቀባው እሱ ነው። እሱ ያልቀባው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቆም ይልና "እህ!" ብሎ ያልፋል። ያቺ "እህ" ስንቱን ቀለም ቀቢ እንዳስኮረፈች እነሱ ይናገሩ።

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ነገር ግን ከመታወቂያው ላይ ካልሆነ በቀር የሚጠራበት የለም። ልጅ ሆኖ ኖራ በቆርቆሮ ሲበጠብጥ፣ ጎልምሶ መሰላል ላይ ሲወጣ፣ አሁን ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ ቡሩሽ ከኪሱ ስለማይጠፋ ስሙን በዚያው ረሱት። እሱም አልተቀየመም። እንዲያውም አዲስ ሰው ሲያገኝ "ቡሩሽ እባላለሁ" ብሎ እጁን ይዘረጋል።

ሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። "ቀለም መለቅለቅማ ማንም ይለቀልቃል" ይላል። ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍናል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ መዳፉን ያሳልፍበታል፤ መዳፉ ካልተስማማ እንደገና ይፈገፍጋል። የቤቱ ባለቤት ትዕግሥቱ አልቆ "ኧረ ይበቃል ጋሼ፣ ማን ሊያየው ነው?" ሲለው መልሱ አንድ ነው። "እኔ አየዋለሁ።"

ይህ ሁሉ ታዲያ ውሃ ይፈልጋል። ቀለሙ የሚበጠበጠው በውሃ፣ ቡሩሹ የሚታጠበው በውሃ ነው። የከተማዋ ቁስል ደግሞ ይኸው ውሃ ነበር። በዋናው መንገድ ያሉት ቧንቧዎች ደስ ሲላቸው ይንጠባጠባሉ፣ ሲከፋቸው ያፏጫሉ። ጋሽ ቡሩሽ የሚኖርበት ሰፈር ያለው ቧንቧ ከተተከለ ጀምሮ ከማፏጨት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሰፈሩ ከሸለቆው ምንጭ ይቀዳል፤ ዳገቱን ተሸክሞ ይወጣል። ጋሽ ቡሩሽ ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ከተመታ ወዲህ ሐኪም ሸክም ስለከለከለው፣ ውሃውን የምታመጣው ሚስቱ ናት። አንዱን ጀሪካን በጀርባዋ ታዝላለች፣ ሌላውን በቀኝ እጇ ታንጠለጥላለች። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል። ግድግዳ መዝመሙን በዓይኑ የሚለካ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፤ ያየዋል፣ ያንገበግበዋልም።

አንጀቱን ይበልጥ የሚያቃጥለው ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በየሦስት ዓመቱ ወደ ኋላ ለቀሩ ወረዳዎች የሚያከፋፍለው ገንዘብ አለ፤ የማመጣጠኛ ድጎማ ይሉታል። ከማከፋፈሉ በፊት ገምጋሚዎች ይልካል። ባለፈው ዙር ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ነው ሲባል ከተማው አበደ። ከንቲባው ጋሽ ቡሩሽን አስጠርቶ "እንግዳ ሊመጣብን ነው፤ እንዳያሳፍሩን" አለው። ጋሽ ቡሩሽ እንዲህ ያለ አደራ ተሰጥቶት እንቅልፍ የሚይዘው ሰው አይደለም። ነጋዴው ቀለም አዋጣ፣ የሰፈሩ ሰው ጉልበት አዋጣ፣ ዋናው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሠርግ የተሰናዳ መሰለ። ማዘጋጃ ቤቱ በውሃ ቦቴ የየሱቁን በርሜል አስሞላ። ገምጋሚዎቹ መጡ፣ ተዘዋወሩ፣ በየቤቱ እየገቡ ጠየቁ፣ "ከተማችሁ ታምራለች" ብለው ሄዱ። የዚያን ቀን ጋሽ ቡሩሽ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ድጎማው ሲከፋፈል ግን ወረዳው "የተሻሉ" ከተባሉት ጋር ተመደበና ለስሙ ያህል ብቻ ደረሰው። የጎረቤት ወረዳ የውሃ መስመር ዘረጋ። በዚህ በኩል ሰው እርስ በርሱ ተያየና ጥፋተኛ ፈለገ። ጥፋተኛው ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ በየግድግዳው ላይ ያብረቀርቃል።

"ጋሽ ቡሩሽ!" አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶ በሩ ላይ ወጥቶ። "እግዜር ይስጥህ፣ በአንድ ባልዲ ቀለም ሀብታም አደረግከን!"

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ቡሩሽም አብሮ ሳቀ፤ ቤቱ ገብቶ ግን እህል አልበላም። ቀልዷ አላረጀችም። ቀለም በተነሳ ቁጥር፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር ትነሳለች። በየግድግዳው መዳፉን የሚያሳልፈው ሰውዬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መሄድ ጀመረ።

ሦስቱ ዓመት አለቀና ገምጋሚዎቹ እንደገና ሊመጡ ሆነ። ከንቲባው አሁንም አስጠራው። በሩን ራሱ ዘጋ፤ ወንበር ራሱ ሳበለት። ጋሽ ቡሩሽ ይህን ያህል አክብሮት ሲያይ ነገሩ ደህና እንዳልሆነ ገባው።

"ጋሼ፣ ባለፈው የሆነውን ያውቁታል" አለ ከንቲባው። "አሁን ደግሞ ያው እጅዎ እንዲረዳን ነው የምንፈልገው።"

"ልቀባ?"

"የለም፣ የለም። ያኔ የቀቡትን..." ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ። "እዚህም እዚያም ላጥ ላጥ ቢያደርጉልን። ብዙ አይደለም። ዝናብ የመታው እንዲመስል። በመድኃኒት ቤቱ በኩል ትንሽ ጭቃ ረጨት ቢደረግበት ደግሞ..."

ጋሽ ቡሩሽ ከወንበሩ ተነሳ። ከንቲባው በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ሹመቱ ግን ሹመት ነውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

"ክቡር ከንቲባ፣ እኔ የሰው ግድግዳ ሳሳምር ነው የኖርኩት። ሳበላሽ አልተማርኩም።"

"ለከተማው ጥቅም ነዋ!"

"ያኔም ለከተማው ጥቅም ነው ብለውኝ ነበር።"

"እንግዲህ ዘንድሮም ከቀረብን በእርስዎ አንገት ነው" አለ ከንቲባው ፊቱን አጨፍግጎ።

"ይሁን፣ አንገቴ ለምዶታል" ብሎ ወጣ። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ሐሳቡ ዳገቱ ላይ ነበር። ዘንድሮ ውሃው ከቀረ ሚስቱ ሌላ ሦስት ዓመት ዳገቱን ልትወጣ ነው፤ ትከሻዋ ግን ሌላ ሦስት ዓመት የሚችል አይመስልም።

ገምጋሚዎቹ በሚመጡበት ቀን ማለዳ ጋሽ ቡሩሽ ከደጅ ሲገባ ሚስቱ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለል ታጥባለች። ገምጋሚዎቹ በእነሱ ሰፈር እንደሚጀምሩ ሰምታለች። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ሸሽጋለች። መደርደሪያው ላይ የታጠቡ ብርጭቆዎች ተደፍተው ተደርድረዋል። የተቀዳው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሶ አልቋል፤ አንዲት ጆግ ብቻ ለእንግዳ ተብላ ተከድናለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ የለንም ለማለት ውሃውን ሁሉ ደፋሽው?" አላት።

"ማን ነው የለንም የሚለው?" ቀና አለች። "እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ቤቴን አጸዳሁ።"

"እነዚህ እንግዶች የመጡት ጉድለት ሊያዩ እኮ ነው።"

"አይዩዋ! ገመናዬን ለመንግሥት ላሳይ ነው? ጎረቤት እንኳ አላየውም።"

እውነቷን ነው። ጨው ሲያልቅባት ወጡን አልጫ አድርጋ ታቀርባለች እንጂ ከጎረቤት አትበደርም። ልጆቿ ትምህርት ቤት የሄዱት በተጠገነ ጫማ ነው፤ ጥገናው ግን ለሰው አይታይም ነበር። እንደምን አደርሽ ለሚላት ሁሉ "ተመስገን፣ ምን ይጎድለናል" ትላለች። ጋሽ ቡሩሽ እሷን ያገባት በዚህ ኩራቷ ነው፤ ዛሬ ግን ይኸው ኩራት ግራ አጋባው።

ከገምጋሚዎቹ አንዷ ረፋዱ ላይ ደረሰች። መነጽር ያደረገች፣ ረጅም መንገድ በመኪና የተንገላታች፣ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ካልገባሁ የምትል ልጅ ናት። ሚስትየው ወዲያው ወደደቻት። ጎረቤቶችም ወሬ ለመስማት በሩ ላይ ተኮለኮሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ከኋላ ቆሞ አንገቱን አስግጓል።

ልጅቷ ገና ከመቀመጧ ጋሽ ቡሩሽ አላስችል አለው።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ጊዜ መንግሥትን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዋናውን መንገድ የቀባሁት እኔ ነኝ። ከተማው ደህና የመሰለው በኔ ቀለም ነው። ቅጣት ካለ እኔን ቅጡኝ እንጂ ሰፈሩን አትቅጡ።"

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከገባት በኋላ ሳቋን ለመዋጥ ታገለች።

"አባቴ፣ ግድግዳ ነጥብ የለውም እኮ።"

"እንዴት?"

"አንቆጥረውም። አንድ ወረዳ ስንት ሕዝብ አለው፣ ራሱ ስንት ግብር ይሰበስባል፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል፣ ይህ ሁሉ ከየመሥሪያ ቤቱ ይመጣልናል። በውሃ ግን መሥሪያ ቤትን አናምንም። ቧንቧ ተተክሏል ብለው ይጽፋሉ፤ ውሃ መምጣት አለመምጣቱን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው። ስለዚህ በየቤቱ እንጠይቃለን። ባለፈው እኔ አልነበርኩም፣ መልሱን ግን አይቼዋለሁ።" ልጅቷ የሚያስቀይም ነገር እንዳትናገር እየተጠነቀቀች ቀጠለች። "ውሃ ይቸግራችኋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ይህ ሰፈር በሙሉ 'ተመስገን፣ አይጎድለንም' ነው ያለው። ገንዘቡ ደግሞ አንድ ነው፤ ለሁሉም የሚካፈለው በጎደለው ልክ ነው። አይጎድለንም ያለ ሰው ድርሻው ጎድሎብኛል ወዳለው ይሄዳል።"

በሩ ላይ የቆሙት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ጋሽ ቡሩሽን መጀመሪያ ቀለለው። ወዲያው ደግሞ ደሙ ፈላ። ሦስት ዓመት ሙሉ! በየመንገዱ ሲስቁበት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሲሄድ፣ የገዛ ሥራውን ሲረግም! ወደ በሩ ዞሮ የሚላቸውን ሊላቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። ያን ጊዜ ገምጋሚው ይችን ቤት ሲጠይቅ እሱም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ "አይጎድለንም" ስትል ደረቱን ነፍቶ አንገቱን የነቀነቀው ማን ሆነና!

ሚስቱን አያት። ፊቷ ቀልቷል። መሬት መሬት ታያለች። ባሏ ለዓመታት የተሸከመው የማን ሸክም እንደነበር አሁን ገና እንደገባት አየባት። እንዳላየ ለመሆን ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ልጅቷ ወረቀቷን አስተካከለች። "ውሃ የሚያመጣው ማነው እዚህ ቤት?"

"እኔ ነኝ" አለች ሚስትየው።

"እንግዲያው እርስዎን ልጠይቅ፣ እናቴ። ውሃ ይቸግራችኋል?"

"ውሃ?" አለች ሳታስበው። "ኧረ ተመስ..."

አፏ ላይ ቀረ። ጋሽ ቡሩሽ ከወንበሩ ወደ ፊት ተሳበ። "በይው!" ብሎ ሊጮህ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ጥርሱን ነከሰ። እሱ ቢናገርላት ልጅቷ ትጽፈው ይሆናል። ሚስቱ ግን በገዛ ቤቷ፣ በጎረቤት ፊት፣ ባሏ ገመናዋን ያወጣባት ሴት ሆና ትቀራለች። የተጠየቀችው እሷ ናት። ከፈለገችም ዝም ማለት መብቷ ነው፤ ትከሻውም የሷ ነው። ይህን እያሰበ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ጭኖ ጠበቀ።

ሚስትየው ተነሳች። ወደ ወጥ ቤቱ ሄዳ መጋረጃውን በአንድ እጇ ሳበችው። ባዶዎቹ ጀሪካኖች ክዳናቸው በገመድ ታስሮ፣ ታጥበው ተደርድረዋል። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ አወቋቸው፤ በየቤታቸው መጋረጃ ጀርባ ያለው ያው ነውና።

"ስሚ ልጄ" አለች። "እኔ ከጎረቤት ጨው እንኳ ተበድሬ አላውቅም። ልጆቼን አስተምሬ ለቁም ነገር አብቅቻለሁ። ባሌ ባለሙያ ነው፤ የነካው ግድግዳ አይታማም። ባለፈው አይጎድለንም ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለእንግዳ የቤቴን ጉድለት አልናገርም ብዬ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ግን ጻፊ። ውሃ ይጎድለናል። የምንጠጣውን ከሸለቆ ነው በጀርባዬ የማመጣው። ዛሬ ይሄን ወለል ያጠብኩበትም እሱ ነው፤ ለመታያ ብዬ የነገውን ነው የደፋሁት። ቧንቧችን ያፏጫል እንጂ ውሃ አያውቅም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ጻፍሽ?"

"እየጻፍኩ ነው፣ እናቴ።"

"ልመና ብለሽ እንዳትጽፊው ግን። ድርሻችን ነው።"

ልጅቷ ብዕሯን አቆመች። "እናቴ፣ ይሄ ወረቀት ልመና የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ያለው ቦታ የድርሻ ነው።"

"እንግዲያው ጥሩ ወረቀት ነው" አለችና ከጆጓ ለእንግዳዋ ቀዳችላት። ልጅቷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። እሷ ከተናገረች፣ ያቺ ጨው እንኳ የማትበደር ሴት ከተናገረች፣ ሌላው ምን ሊያፍር? ልጅቷ ወደ ቀጣዩ ቤት ስትገባ መጋረጃው አስቀድሞ ተገልጦ ጠበቃት። ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ሱቁ ድረስ ወስዶ የደረቀ በርሜሉን በጥፊ እየመታ አሰማት። ከንቲባው ዝናብ የመታው ግድግዳ ሲፈልግ የደረቁት በርሜሎች ይበቁት ኖሯል።

ውጤቱ የተነገረው ከወራት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነው። ሰው ከወንበሩ ተርፎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ጋሽ ቡሩሽ "ቀለሙን በጀርባችሁ እንዳታጠቁሩብኝ" እያለ ሲቆጣ ቆየ። ከንቲባው ወረቀቱን አነበበ። ወረዳው በዚህ ዙር በውሃ ችግር ከፍተኛ ድርሻ ከሚያገኙት ተመድቧል። የጠየቁት ሁሉ አልተሰጣቸውም፤ ገንዘቡ አንድ፣ የሚጠብቀው ወረዳ ብዙ ነውና። መስመሩን ከምንጩ ገፍቶ እስከ ሰፈሩ ለማድረስ ግን ይበቃል። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ።

ጭብጨባው ጋብ ሲል ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ሲነሳ ለቀልድ ነው፤ አሁን ግን ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

"እኛ ጋሽ ቡሩሽን በድለነዋል" አለ። "ጥፋቱ የሁላችንም ሆኖ ሳለ በሱ ቀለም ስናላግጥ ከረምን። ሕዝብ ባለበት የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሕዝብ ባለበት ይቅር ይበለኝ።"

"እውነት ነው! ይነሳና እናጨብጭብለት!" አለ ሰው።

ጋሽ ቡሩሽ ተነሳ። ይህችን ቀን ስንት ጊዜ አስቧት እንደነበር እሱ ነው የሚያውቀው። ስንቱን መልስ አዘጋጅቶ፣ ስንቱን ሰው በቃል ሊያቃጥል አስቦ ነበር። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ አንዱም አልመጣለትም።

"ይቅር ብያለሁ" አለ። "ለኔ ግን አታጨብጭቡ። እኔ ግድግዳ ነው የቀባሁት፤ ግድግዳ ደግሞ አያፍርም። እዚህ ያለችው ሚስቴ አፍራለች። ስንቱን ዓመት ያልከፈተችውን መጋረጃ በእናንተ ፊት ከፍታ፣ ፊቷ እየተቃጠለ ነው የተናገረችው። ይሄ ውሃ የመጣው በሷ አንደበት ነው።"

"ተቀመጥ አንተ ሰውዬ!" ሚስቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ ጎተተችው። "ሰው ምን ይላል!"

"የፈለገውን ይበል።" ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሊደብቀው አልሞከረም። "ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ግድግዳ ስኮራ ኖሬያለሁ። የኮራሁብሽ መሆኑን ግን አንድ ቀን እንኳ ነግሬሽ አላውቅም። ዛሬ ይሄ ሁሉ ሰው ይስማ፤ ኮርቼብሻለሁ። አልቀመጥም።"

አንድ ጊዜ ደግማ ጎተተችው፤ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ኮቱን ለቀቀችው፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ተነሳችና አጠገቡ ቆመች።